የጎማው ትምህርት፦ ተጣጣፊ መከላከል ምንድን ነው?

ጅቡቲ ወደብ መርከብ ሲጠጋ ጠርዙ ላይ የተደረደሩትን ጎማዎች አስተውላችኋል? ይጨመቃሉ፣ ግፊቱን ይውጣሉ፣ ከዚያ መልሰው ይገፋሉ። ደረቅ ኮንክሪት ብቻ ቢሆን አንዱ ወገን ይሰነጠቅ ነበር።

ተጣጣፊ መከላከልም እንዲሁ ነው፦

1. ግንባር ላይ ጥቂት ሰው ይቀመጣል፤ ዋናው ኃይል ከኋላ በጥልቀት ይደረደራል።
2. አጥቂው በገባ ቁጥር ከመድፉና ከስንቁ ይርቃል፤ ይደክማል።
3. ያኔ ተጠባባቂው ጦር በመልሶ ማጥቃት ይወርድበታል።

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ውጊያ አንድ ስንዝር መሬት አንለቅም ብለው ብዙ ወታደር ካለቀባቸው በኋላ፣ ይህን ስልት ለ1917 ውጊያ መመሪያ አደረጉት።

የእኛ ሰፈር ምሳሌስ? ሶማሊያ በኢትዮጵያ ላይ ያካሄደችው የ1969–70 ዓ.ም. ወረራ። ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ተቋረጠ፤ መስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች። ድሬዳዋና ሐረር ግን ጸኑ። የወራሪው የስንቅ መስመር ሲረዝም የኢትዮጵያ ጦር በሶቪየትና በኩባ እርዳታ ተደራጀ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች።

ልብ በሉ፦ የኢትዮጵያ ጦር ማፈግፈግ በእቅድ አልነበረም፤ ሕጉ ግን ያው ነው። የተለቀቀ መሬት ይመለሳል፤ ያለቀ ተጠባባቂ ጦር አይመለስም።