በስካውት የደረጃ ዕድገት ላይ የሚነሡ አለመግባባቶች አፈታት

ወጣቶችን አሠልጥኖ በየደረጃው ከፍ የሚያደርግ ማኅበር ሁሉ፣ ፈጥኖም ሆነ ዘግይቶ፣ መምህራን በየዓመቱ መጨረሻ የሚያውቁት አንድ ችግር ያጋጥመዋል። ይኸውም ወጣቱ «የተጠየቅሁትን ሁሉ ፈጽሜአለሁ» ሲል፣ ኃላፊው ደግሞ «ገና ነህ» የሚልበት ጊዜ ነው። በትምህርት ቤት እንዲህ ያለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በማርክ ይዘጋል፤ የማለፊያውን ያመጣ አለፈ፣ ያላመጣ ወደቀ ይባላል፤ ቁጥሩ ከምን ከምን እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በስካውት ግን ማርክ የለም። ከዚህም የተነሣ ክርክሩ ቁጥር ሳይጋርደው በግልጽ ይታያል፤ አፈታቱም ለመምህርና ለዕቅድ አዘጋጅ ሊጠና የሚገባው ይሆናል።

ስካውት በእንግሊዛዊው ጄኔራል በቤደን ፓወል አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1907 በብራውንሲ ደሴት በተደረገ የሙከራ ሠፈር ተጀምሮ በዓለም የተሠራጨ የወጣቶች እንቅስቃሴ ነው። የደረጃ ዕድገት ክርክርን በጽሑፍ ሥርዓት በዝርዝር ከያዙት ማኅበራት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1910 የተቋቋመው የአሜሪካ ቦይ ስካውት ነው። ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ልጃገረዶችንም በዚሁ የደረጃ ሥርዓት የሚቀበል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ ብሎታል። ደረጃዎቹ ሰባት ናቸው፤ የመጨረሻውና ከፍተኛው ንስር ይባላል። የንስርን ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወጣት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ለዚህ ደረጃ የሚወዳደር ወጣት ከሌሎች መመዘኛዎች ጋር 21 የብቃት ዓርማዎችን ማግኘት፣ በቡድኑ ውስጥ ለስድስት ወር የኃላፊነት ቦታ መያዝና ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም አንድ ሥራ አቅዶ ሌሎችን እየመራ መፈጸም አለበት።

ይህን ሁሉ 18 ዓመት ሳይሞላው መጨረስ ይገባዋል። የጊዜ ማራዘሚያ የሚፈቀደው ከወጣቱ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ብቻ ነው፤ ቋሚ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው የተለየ ድንጋጌ አለ። ስለሆነም 17 ዓመት ከመንፈቅ ለሆነው ልጅ የአንድ ኃላፊ «ቆይ፣ በሚመጣው ጊዜ እናያለን» ማለት ዝም ብሎ መዘግየት አይደለም። በትምህርት ቤት የወደቀ ክፍሉን ሊደግም ይችላል፤ በዚህ ግን የሚደገም ዓመት የለም። አዋቂው በቸልታ የሚያሳልፈው ወር ከልጁ ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ነው።

ማኅበሩ ለዕድገት አራት እርከኖችን አስቀምጧል። ወጣቱ ይማራል፣ ይፈተናል፣ ይገመገማል፣ በመጨረሻም ዕውቅና ያገኛል። መማርና መፈተን የቡድኑ መሪዎችና የየብቃት ዓርማው አማካሪዎች ሥራ ነው፤ ግምገማው ግን የሌሎች ነው። ከሦስት ያላነሱ፣ ከስድስት ያልበለጡ ሰዎች ያሉበት ገምጋሚ ቦርድ ይቀመጣል። የቡድኑ መሪና ረዳቶቹ፣ እንዲሁም የወጣቱ ወላጆች፣ የቦርዱ አባል ሊሆኑ አይችሉም። ያስተማረ ሰው በራሱ ሥራ ላይ እንዳይፈርድ፣ የወለደም ለልጁ እንዳያደላ ተብሎ የተደነገገ ነው። ቦርዱ እንደገና ፈተና የሚሰጥ አካል አለመሆኑም በመመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። አንድ ዓርማ አንድ ጊዜ በሚገባ ተፈትኖ ከተፈረመ በኋላ፣ የቦርዱ አባል ገመድ አውጥቶ «እስቲ ይህን ቋጠሮ ቋጥር» ለማለት ሥልጣን የለውም።

የክርክሩ ትልቁ ምንጭ ግን ከቦርዱ በፊት ያለ ነው። እርሱም በመመዘኛው ላይ መጨመር ነው። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ምክር ቤትም ሆነ ቡድን፣ ኮሚቴም ሆነ ግለሰብ፣ በታተመው መመዘኛ ላይ ሊጨምርም ሊቀንስም አይችልም። ይህ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ለትጉህ መሪ እጅግ ከባድ ነው። ትጉህ መሪ ልጁ ከተጻፈው በላይ እንዲያውቅ ይፈልጋል። ለምሳሌ ለንስር የሚሠራው የአገልግሎት ሥራ የተወሰነ የሰዓት ብዛት አልተደነገገለትም፤ ሆኖም አንዳንዱ መሪ በልቡ መቶ ሰዓት ወስኖ፣ ያላሟላውን «ሥራህ ቀላል ነው» ብሎ ይመልሳል። ሐሳቡ በጎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልጁ ያላየውን መመዘኛ እንዲያሟላ መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሊያስተውሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። የስካውት መመዘኛ የሚጻፈው በግሥ ነው፤ ክርክሩም የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ በግሡ ነው። «አሳይ» የሚል ከሆነ በቃል መናገር አይበቃም፤ «ተወያይ» የሚል ከሆነ በጽሑፍ ድርሰት ማስረከብን መጠየቅ መጨመር ነው፤ «ዘርዝር» የሚለውን «አብራራ» ብሎ የሚያነብ ፈታኝ ሌላ ፈተና ፈጥሯል። ፈታኙም ተፈታኙም አንዱን ዐረፍተ ነገር አንብበው ከግሡ ሥር ጣታቸውን ቢያኖሩ፣ ወደ ቦርድ የሚደርሰው ነገር በብዙ ይቀንሳል። በየመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ መግቢያ ላይ የሚጻፉት የትምህርት ዓላማዎች ለዚህ ተብለው የሚጻፉ መሆናቸውን መምህራን ያውቃሉ፤ ለፈተና ማውጫ ግን ስንት ጊዜ ተመልሰው ይነበባሉ?

ግሡ የማያድንባቸው መመዘኛዎች ደግሞ አሉ። «በቡድኑ ውስጥ ንቁ ተሳታፊ መሆን» እና «በስካውት መንፈስ መኖር» የሚሉት ሁለቱ በክርክር ብዛት የታወቁ ናቸው። አንድ ልጅ በትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ በመጫወቱ ለሦስት ወር ከስብሰባ ቀረ እንበል። መሪው ንቁ አልነበረም ይላል፤ ልጁ በመዝገብ ላይ ነኝ፣ የከለከለኝም የለም ይላል። መመሪያው ለዚህ የሚሰጠው መልስ በመጀመሪያ ወደ አዋቂዎቹ የሚመለከት ነው። ቡድኑ ስለ ተሳትፎ ምክንያታዊ ግዴታ ሊያወጣ ይችላል፤ ግዴታው ግን አስቀድሞ የተነገረ መሆን ይኖርበታል። ልጁ ያን ባያሟላ እንኳ፣ ከቡድኑ ውጭ ያሳለፈው ጊዜ ለጠባዩ መታነጽ የጠቀመው መሆኑ ይጠየቃል። ኳስ ሜዳ ላይ ጓደኞቹን ሲመራ የከረመ ልጅ ቤቱ ተኝቶ ከከረመው ጋር አንድ አይደለም።

የኃላፊነት ቦታን በሚመለከትም አያያዙ ተመሳሳይ ነው። ጸሓፊ ሆኖ የተመረጠው ልጅ ቃለ ጉባኤ ሳይጽፍ ስድስት ወር ቢቆይ፣ መሪው በመካከሉ ጠርቶ ሊመክረው፣ ካልታረመም ከቦታው ሊያነሣው ይገባል። ምንም ሳይለው ዝም ብሎ አቆይቶ በመጨረሻው ቀን «አልሠራህም» ማለት ተቀባይነት የለውም፤ በቦታው ላይ እንዲቆይ የተተወበት ጊዜ ይቆጠርለታል። አንዳንድ መሪዎች ይህ ሰነፉን ይጠቅማል ብለው ያጉረመርማሉ። ማጉረምረማቸው መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም፤ በእርግጥም አንዳንድ ሰነፍ ያልፋል። ነገር ግን በሌላው ወገን ያለው ጉዳት ይበልጣል። ስድስት ወር ሙሉ ትክክል ነኝ ብሎ የኖረ ልጅ፣ ስሕተቱን የሚሰማው ሊያርመው በማይችልበት ሰዓት ይሆናልና።

የገምጋሚው ቦርድ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት። አንድ አባል ብቻ ቢቃወም ዕድገቱ አይጸድቅም። ይህን ያህል ሥልጣን ለአንድ ሰው የሚሰጥ ሥርዓት የይግባኝ በር ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ሳያጸድቅ ሲቀር፣ ለምን እንዳላጸደቀና ወጣቱ ምን ቢያደርግ ሊጸድቅለት እንደሚችል፣ ይግባኝም እንዴት እንደሚባል በደብዳቤ መግለጽ ይኖርበታል። «ገና አልበሰለም» የሚል ቃል ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ምን ጎደለው ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያስፈልገዋል። ስለ ወጣቱ ጠባይ ምስክርነት እንዲሰጡ የተጠየቁ ሰዎች ደብዳቤ ሳይመልሱ ቢቀሩም ግምገማው በዚህ ምክንያት ሊከለከል ወይም ሊዘገይ አይችልም። የሌላ ሰው ስንፍና በልጁ ላይ አይታሰብምና።

ይግባኙ በቅድሚያ የሚታየው በአካባቢው ምክር ቤት ሲሆን፣ የንስር ደረጃ ከሆነ ወደ ብሔራዊው መሥሪያ ቤት ሊደርስ ይችላል። የቡድኑ መሪ በማመልከቻው ላይ አልፈርምም ያለ እንደሆነም ጉዳዩ በዚያ አይቆምም፤ ለንስር የሚወዳደረው ወጣት ከቡድኑ ውጭ በወረዳ ወይም በምክር ቤት ደረጃ የሚቋቋም ቦርድ እንዲገመግመው ሊጠይቅ ይችላል። ይህም ቅር የተሰኘውን መሪ ለማዋረድ ሳይሆን፣ ነገሩን ቂም ከገባበት ክፍል አውጥቶ ለማያውቁት ሰዎች ለማሳየት ነው።

ይግባኝ ማቅረብ የሚችሉት ወጣቱ ራሱና ወላጁ ወይም አሳዳጊው ናቸው። በዚህ ነጥብ ላይ መሪዎች ብዙ ይቸገራሉ፤ ከልጁ ይልቅ ደረጃውን የሚፈልጉ ወላጆች አሉና። ቢሆንም መመሪያው የወላጁን ቦታ ለይቶ አስቀምጦታል። ወላጅ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ቦርዱ ሲቀመጥ ግን ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ሥራው የሚጠየቀውና የሚመልሰው ልጁ ብቻ ነው።