የቶርኖ ስለትና ምስክሩ

ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ የሚፍቅ ማሽን መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ዳሩ ግን የሥራው ማማርና መበላሸት የሚወሰነው በማሽኑ ግዝፈት ሳይሆን ከፊቱ በምትታሰረው፣ ጣት በማታህል መቁረጫ ጫፍ እንደ መሆኑ መጠን፣ ባለሙያው አስቀድሞ የሚጨነቀው ለእርሷ አሳሳል ነው። ጫፏ ከሥሯ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ያህል ካልሸሸች፣ ሆዷ ሥራውን እየታከከ ሙቀት ከማብዛት በቀር አትቆርጥም፤ ከልክ በላይ ከሸሸች ደግሞ ስለቷ ደጋፊ አጥቶ ፈጥኖ ይሸረፋል። ላይዋም የሚቆረጠውን ማዕድን ባሕርይ ይከተላል፤ ለብረት ወደ ኋላ ዘንበል ሲደረግ፣ ለናስ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይተዋል፣ ናስ ዘንባላ ስለት ሲያገኝ ወደ ውስጥ ይስበዋልና።

ይህን ልክ በሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ ላይ በእጁ ስሜት ብቻ የሚያገኝ ጠቢብ አይጠፋም፤ ለጀማሪ ግን ከድንጋዩ ፊት ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ በማዕዘን መለኪያ አዘንብሎ ካጠበቀ በኋላ መቁረጫውን በላይዋ እያንሸራተተ መሳል ከብዙ ብክነት ያድነዋል። የጥንቱ ዐረብ ብረት በመሳል ላይ ሳለ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ጠፍቶ ነበር፤ ፍሬድሪክ ቴይለርና ሞንሰል ኋይት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ፣ በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ፣ ቀልቶም የሚቆርጠውን ብረት አሠራር ካሳዩ ወዲህ ይህ ስጋት ቀለለ።

የተሳለው መቁረጫ ሲታሰር ጫፉ ከሥራው እምብርት ጋር መስተካከሉን ለማወቅ ቀጭን የብረት ማስመሪያ በጫፉና በክቡ ሥራ መካከል ቀስ ብሎ ማጣበቅ ይበቃል። ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ከቆመ ልክ ነው፤ አናቱ ወደ ሠራተኛው ካዘነበለ ጫፉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሥራው ካዘነበለ ከፍ ብሏል።

የቡሎን ጥርስ ማውጣት በመጣ ጊዜ ግን ግምት ፈጽሞ አይረዳም። ለዚህ የተበጀችው ሳሳ ያለች የብረት መለኪያ ናት፤ አንዱ ጫፏ ሾጥጦ፣ ሌላው እንደ ዓሣ ጅራት ተሰንጥቆ ይታያል። ባለሙያው የሳለውን ጫፍ በስንጥቁ ውስጥ አግብቶ ወደ መስኮት ብርሃን ያነሣታል፤ በአንድ ወገን ቀጭን የብርሃን መስመር ካለፈ፣ ብርሃን ያላለፈበት ከፍ ያለው ስፍራ ገና ሊሳል ይገባዋል ማለት ነው። ያችው መለኪያ ከሥራው ጎን ተለጥፋ መቁረጫው ቀጥ ብሎ መታሰሩንም ትመሰክራለች።

የዚህች መለኪያ ነገር ታናሽ መስሎ የሊቃውንት ክርክር ነበረበት። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 እ.ኤ.አ. ከየፋብሪካው የሰበሰባቸውን ቡሎኖች አማካይ ወስዶ የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገ። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ በ1864 በፊላዴልፍያ፣ በፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ጉባኤ ፊት፣ ለማረጋገጥ ይቀላል ብሎ 60 ዲግሪን አቀረበ። በእኔ አስተያየት ሴለርስ የሠራተኛውን ችግር አውቋል፤ ሦስት ጎኑ እኩል የሆነውን ሦስት ማዕዘን በኮምፓስና በማስመሪያ ማንም ሊሥለው ይችላል፣ 55ን ግን በዲግሪ የተከፋፈለ መለኪያ ሳይኖር ማን ያገኘዋል?

የዛሬው የሜትር ቡሎንም 60 ዲግሪ ነው፤ በብዙ አገር ያለው የውኃ ቧንቧ ጥርስ ግን በዊትዎርዝ 55 ስለ ቀረ፣ ቧንቧ የሚሠራ ባለ ቶርኖ ሁለቱንም መለኪያዎች በመሳቢያው ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል።