በዘመነ ጽጌ የሚሰደዱት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ትለዋለች። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብጽ ስትሰደድ ያየችው ረኃብና እንግልት የሚታሰበው በዚህ ወቅት ነው። በመተማና በሁመራ ቆላ ሰሊጥ የሚታጨደውም በዚያው ሰሞን ነው። ለአጨዳው ጉልበት ከሚልኩት ደጋማ አካባቢዎች አንዱ ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ ይጁቤን ዋና ከተማው ያደረገውና እስከ ዓባይ በረሃ የሚዘልቀው ባሶ ሊበን ወረዳም የሚገኘው በዚሁ ዞን ነው። ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምበት ሌሊት የብዙ ደገኛ ቤት ልጅ በሰው አገር ነው።

የስደቱ መነሻ መሬት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ከዚያ ወዲህ አልተደገመም። ያኔ ሕፃን የነበረው ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፤ የሚያርሰው ግን ከአባቱ የተቆረሰ ጥማድ ወይም የሰው መሬት በእኩል ነው። የደጋው እህል ሳይደርስ የቆላው ሰሊጥ ይደርሳል። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ባለ እርሻው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ እጅ ይፈልጋልና ደላላ ያሰማራል።

ውሉ በአብዛኛው የቃል ነው። ሠራተኛው የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር የምትራባው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ታስተላልፍበታለች፤ በሽታው ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፣ ከደጋ በመጣ ሰው ላይ ደግሞ ይበረታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱንም አስፈሪ አድርጎታል።

ጎጃም ስደተኛን መቀበል ያውቅበታል። የቅኔ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ከደጃፍ ሲቆም ቁራሽ አይነፈግም፤ የመሸበት መንገደኛም የእግዜር እንግዳ ነው። ሐምሌ 7 የሥላሴ በዓል ሲከበር አብርሃም ሦስቱን እንግዶች መቀበሉ ይነገራል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ባቋቋመችው የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በኩል ከውጭ የሚመጡ ስደተኞችን ስትረዳ ቆይታለች። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ወደ ኢትዮጵያ ከሸሹት ብዙዎች የገቡትም በዚያው በመተማ መስመር ነው።

ለአጫጁ ግን ምጽዋት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ የጎደለው ፍትሕ ነውና። ኦሪት ዘዳግም የድኃ ምንደኛ ዋጋ፣ ወገንም ይሁን መጻተኛ፣ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲከፈል ያዝዛል። የያዕቆብ መልእክትም ባለጠጎችን ሲወቅስ ለይቶ የሚያነሣው በማሳቸው ላይ ያጨዱትን ሠራተኞች ደመወዝ ነው። እነዚህ ንባባት ከጽጌው ምስጋና ጋር አብረው ሊሰበኩ ይገባል።

ለዚህ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። ምእመኑ ሁሉ የንስሐ አባት አለው፤ አጫጁም፣ ደላላውም፣ ባለ እርሻውም። የይጁቤና የአካባቢዋ ካህናት ልጆቻቸው ወደ ቆላ ሲወርዱ ስለ ውሉና ስለ ካላዛር ምልክቶች ይንገሯቸው፤ ሲመለሱም ትኩሳት የያዘውን ወደ ሐኪም ቤት ይላኩ። የመተማና የሁመራ ካህናት ደግሞ ባለ እርሻው ንስሐ ሊገባ ሲቀርብ፣ የሠራተኞቹን ገንዘብ ሳይሸርፍ መክፈሉን አስቀድመው ይጠይቁት።