ሥርዓቱን የሳተ የልብ ትርታና ሦስቱ የሕክምና ስልቶች

ሌሊት ከመኝታው በድንገት ተነሥቶ ደረቱን በእጁ ደግፎ «ልቤ ተርበተበተች» የሚል ባል፣ ወይም ውሃ ቀድታ ስትመለስ ያለ ወትሮዋ ትንፋሽ የሚያጥራት ሚስት በየሰፈሩ አይጠፉም። ነገሩ ብዙ ጊዜ በድካም ወይም በቡና ይመካኝና ይታለፋል፤ አንዳንዴም በእርግጥ ከዚያ አያልፍም። ይሁን እንጂ ትርታው አንዴ ሲፈጥን አንዴ ሲዘገይ፣ ጨርሶም ሥርዓት ሲያጣ፣ ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላል። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ይህንኑ ሕመም በቀጭን ቱቦ ስለሚያክሙት ሦስት ስልቶች ልንናገር ወደድን።

ጤነኛ ልብ አንድ አዛዥ አለው። በቀኙ የላይኛው ክፍል ግድግዳ የሚገኝ አነስተኛ የሕዋሳት ስብስብ፣ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ፣ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ መላው ልብም ይህንኑ ተከትሎ ይኮማተራል። ሕመሙ ሲነሣ ግን የላይኞቹ ክፍሎች በተዘበራረቀ ትእዛዝ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ በወጉ አይኮማተሩም። በዚህ ጊዜ በግራው ክፍል ጓዳ ውስጥ ደም ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ትናንት ጤነኛ የነበረ ሰው ግማሽ አካሉ ሽባ ሊሆን፣ አንደበቱም ሊዘጋ ይችላል።

ሐሰተኛው ትእዛዝ ከየት ይነሣል? እ.ኤ.አ. በ1998 በፈረንሳይ በቦርዶ ከተማ ሚሼል አይሳገርና ባልደረቦቻቸው 45 ሕሙማንን መርምረው ካገኟቸው 69 መነሻ ነጥቦች 94 በመቶው ከሳንባ ወደ ልብ ደም በሚያመጡት ሥሮች ውስጥ መሆናቸውን አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ የሕክምናው ዋና ዓላማ እነዚህን ሥሮች ከልብ መነጠል ሆነ። ወታደሮች ነንና በከበባ ምሳሌ ብናስረዳ አይፈረድብን፤ ሐኪሙ በብሽሽት ሥር ቱቦ አስገብቶ ልብ ውስጥ ይደርስና የየሥሩን አፍ በጠባሳ ቀለበት ይከብባል። ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ቀዳሚው ስልት በሬዲዮ ሞገድ ኃይል ማቃጠል ነው። የቱቦው ጫፍ ሥጋውን ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እያሞቀ ቀለበቱን ነጥብ በነጥብ ይሠራል። ትዕግሥትና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ በአንጻሩ ከሥሮቹ ውጪ ያለ የሕመም መነሻንም ሊደርስበት ይችላል። ክፋቱ ሙቀት ድንበር አለማወቁ ነው። ከግራው ክፍል በስተ ኋላ የምግብ ቧንቧ ተጠግቶ ያልፋል፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ቢሆንም፣ ቃጠሎው ቧንቧውን ከበሳው ሕይወት ያጠፋል።

ሁለተኛው ስልት ማቀዝቀዝ ነው። ትንሽ ፊኛ በሥሩ አፍ ላይ ይነፋና በናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ ያቀዘቅዘዋል። የዚህ ሥጋት የትንፋሽ ጡንቻን የሚያዝዘው ነርቭ መጎዳት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሎ አድሮ ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2016 «እሳትና በረዶ» የተሰኘው ጥናት በ762 ሕሙማን ላይ ሁለቱን አነጻጸረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕክምናው ግቡን ያልመታላቸው በማቃጠል 35.9፣ በማቀዝቀዝ 34.6 በመቶ ሆነው ተገኙ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው እጅግ አጭርና ብርቱ የኤሌክትሪክ ምት ነው። የሕዋሱን ሽፋን እየበሳ ይገድለዋል እንጂ በሙቀት አይሠራም። የልብ ጡንቻ ከምግብ ቧንቧና ከነርቭ ይልቅ በዚህ ምት ቶሎ ስለሚሸነፍ ጎረቤቶቹ ይተርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው አድቬንት የተባለው ጥናት በ607 ሕሙማን ላይ ከቀደሙት ሁለቱ ጋር አስተያይቶት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በአዲሱ 73.3፣ በቀደሙት 71.3 በመቶ ተሳክቷል። ጊዜም ይቆጥባል፤ ግን የልብን ግድግዳ የመብሳት አደጋ ከሦስቱም አልራቀም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ሕመምተኛው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የመሣሪያውን አዲስነት ሳይሆን ሐኪሙ በዚያ መሣሪያ ስንት ሰው እንዳከመ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውም መድኃኒት ከሕክምናው በኋላ ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ወራት ይቀጥላል፤ ለስትሮክ ለተጋለጠ ሰው ደግሞ ትርታው ቢስተካከልም አይቋረጥም። ደኅና ሆንሁ ብሎ መድኃኒቱን በገዛ እጅ መተው ብዙ ሰው ጎድቷል።

በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለዚህ ሕመም የሚዳርገው በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው የልብ በር መጥበብ ነው። ለእነዚህ በሩን ማስታከም ይቀድማል፤ ደም ማቅጠኛቸውም ዋርፋሪን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ የዋርፋሪን ወገን የሆኑት መድኃኒቶች እንደሚሻሏቸው አሳይቷል። እናቶች ሆይ፣ ትኩሳት ያለበትን የልጅ ጉሮሮ ሕመም በቤት መድኃኒት አታቆዩት፤ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

ትርታን ለመመርመር ሁለት ጣቶችን በእጅ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት ሥር አሳርፎ አንድ ደቂቃ መቁጠር ይበቃል። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ልታደርገው ትችላለች። ምቱ ቢዘበራረቅ በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ መነሣት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ እንጂ አይፈጅም፤ አያምምም።