ዓሣም ይሰማል

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ዓሣና ስለ ጫጫታ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ዱርቤቴ ስትጓዙ ግልገል ዓባይን ትሻገራላችሁ። ወንዙ ከሰከላ ተነሥቶ ጣና ይገባል። በወንዙም በሐይቁም ዳር ዳስ ሠርቶ፣ መንጠቆ ጥሎ የሚያድር ሰው አለ። አንዳንዱ ሲጠብቅ አድሮ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ዓሣው የለም» ይላል። ሌላው ተናዶ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ ይጨምራል። ብርብራ ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ይፈጃል። ለነገ ምን ይተርፋል?

እስቲ መጀመሪያ ራሳችንን እንጠይቅ። ዓሣውን ያባረርነው እኛ እንሆን?

የዓሣ ጆሮ አይታይም፤ ከራስ ቅሉ ውስጥ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ካርፕ ከሚባለው ዓሣ ጋር ዘመድ ነው። በሆዱ ውስጥ አየር የያዘ ከረጢት አለ። ድምፅ ሲመጣ ከረጢቱ ይንቀጠቀጣል። ትንንሽ አጥንቶች ያን ተቀብለው ለጆሮው ያደርሳሉ። አምባዛም እንዲሁ ነው። ቆሮሶ ግን እነዚህ አጥንቶች የሉትም።

ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለ ሊቅ በ1923 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ ነገር ጻፈ። ዓይኑ የማያይ የአምባዛ ዘመድ ዓሣ ነበረው። ምግብ ሲሰጠው ያፏጭለታል። በኋላ ዓሣው ፉጨቱን ብቻ ሰምቶ ከመደበቂያው ይወጣ ጀመር።

ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። በውሃ ውስጥ ግን 1500 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነገር ግን ልብ በሉ! ዳር ላይ የምናወራው ወሬ አብዛኛው ከውሃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። የባሰው መሬቱንና ታንኳውን የሚመታ ድምፅ ነው። ካስማ ሲመታ፣ እንጨት ሲፈለጥ፣ ሰው ሲሮጥ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ያ መንቀጥቀጥ ወደ ውሃው ያልፋል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ዳሱን ቀን ሳለ፣ ከውሃው ራቅ አድርጋችሁ ሥሩ።
2. እንጨቱን ከሰፈር ፈልጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ።
3. በውሃው ዳር ቀስ ብላችሁ ርገጡ።
4. ታንኳ ላይ ዕቃ አትወርውሩ። ጆንያ አንጥፋችሁ አስቀምጡ።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ከውሃ ይወጣል። ኮቴው ካለበት መንገድ ላይ አትስፈሩ። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ዝም አትበሉ፤ ጩኹ! ከዓሣ ሰው ይበልጣል።

አንድ ቁም ነገር እንጨምር። በክረምት ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን ለመጣል ከጣና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣል። ያን ጊዜ የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት እናቲቱን ከነልጆቿ መጨረስ ነው። ከ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የጣና ነጭ ዓሣ በጣም ቀንሷል። ዝምታ ያለውን ዓሣ ለመያዝ ይረዳል እንጂ ያለቀውን አይመልስም።

ይህን ላላነበበ ጎረቤታችሁ አንብቡለት።