የጤና መድን እያላችሁ «እዚህ አይሰራም» ለምን ትባላላችሁ?

ባለፈው ክረምት አክስቴን ሆስፒታል ይዤ ሄድኩ። የጤና መድን መታወቂያዋ ታድሷል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ መታወቂያውን አየት አደረገችና «እማማ፣ ሪፈር የታለ? ከጤና ጣቢያ ካልተጻፈልዎት በመድን አናስተናግድም» አለቻት።

«ከፍዬ የለም እንዴ?» አለች አክስቴ።

ከፍላለች። ግን በመክፈልና በመታከም መሃል አንድ ነገር አለ፦ ውል።

🔹 ውሉ ምንድነው?

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተዘጋጀው ለገበሬው፣ ለነጋዴውና በግል ሥራ ለሚተዳደረው ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍናል። ብሩ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። መድኑን የሚያስተዳድረው አካል ደግሞ ከጤና ተቋማት ጋር ውል ይፈራረማል። ተቋሙ አባሉን ያክማል፣ ወጪውን መዝግቦ ይጠይቃል፣ ሂሳቡ ተጣርቶ ይከፈለዋል። ውል የሌለው ክሊኒክ ግን ማንን ይጠይቅ? ለዛ ነው መታወቂያችሁ እዛ የማይሰራው።

ውል ያላቸው በአብዛኛው የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ናቸው። መግቢያው ጤና ጣቢያ ነው፤ ወደ ላይ የሚኬደው በሪፈር ነው። አክስቴ የተመለሰችው በዚህ ምክንያት ነው።

🔹 ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ብቻ ነበር። የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮም ከ200 ብር በታች ነበር። ዛሬ ከ1,000 በላይ ወረዳዎች ገብተውበታል። መዋጮውም በጣም ጨምሯል፣ ከቦታ ቦታም ይለያያል። አዲስ አበባ ላይ የከነማ መድኃኒት ቤቶችም የመድን አባላትን ያስተናግዳሉ።

🔹 ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

አክስቴ በማግስቱ ሪፈሯን ይዛ ተመለሰች፣ ታከመች። ከታዘዙላት ሦስት መድኃኒቶች ሁለቱ ላይ ግን «የለም» ተባለች። ከውጭ በኪሷ ገዛች።

ነገሩ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ተቋሙ መጀመሪያ ያክማል፣ ብሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ክፍያው ከዘገየ መድኃኒት መግዣ ያጥረዋል። መድኃኒት ከሌለ አባሉ ድጋሚ ከኪሱ ያወጣል። ድጋሚ ያወጣ ሰው ደግሞ በዓመቱ «ምን አተረፍኩ?» ብሎ ሳያድስ ይቀራል። አዳሽ ሲቀንስ ቋቱ ይሳሳል፣ ክፍያው ይበልጥ ይዘገያል። ስለዚህ የተቋማቱ ቁጥር መጨመሩ ብቻውን በቂ አይደለም። ውል የገባው ተቋም መደርደሪያ ላይ መድኃኒት መኖር አለበት።

🔹 ከመሄዳችሁ በፊት

👉 መታወቂያው ለዘንድሮ መታደሱን እዩ።
👉 የትኛው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ውል እንዳለው ወረዳችሁን ጠይቁ።
👉 መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ሪፈሩን ያዙ።
👉 መድኃኒት «የለም» ከተባላችሁ ማዘዣው ላይ ማህተም አስመቱ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። የሚተካላችሁ ከሆነ መድን ክፍሉን ጠይቁ። ባይተካም ቅሬታችሁ ማስረጃ ይኖረዋል።

እናትና አባቶቻችን ይህንን ስልክ ላይ ላያነቡት ይችላሉ። እናንተ ንገሯቸው። 🙏