ወለል አንጣፊው ቤተሰብ ከሙያ ማኅበሩ ምን ያገኛል?

በአሜሪካ የእንጨት ወለል ማንጠፍ በአብዛኛው የትንንሽ ድርጅቶች ሥራ ነው። አባት ደንበኛ ያነጋግራል፣ ዋጋ ይሰጣል፤ ልጆች ጣውላውን ይመታሉ፣ ያለሰልሳሉ፣ ይቀባሉ፤ እናት ወይም እህት ሒሳቡንና ስልኩን ትይዛለች። እንዲህ ያለ ድርጅት የሕግ ክፍልም፣ የሥልጠና ክፍልም፣ ላቦራቶሪም የለውም። ትልቅ ኩባንያ በደመወዝ ቀጥሮ የሚያሠራውን ይህን ሁሉ ትንሹ ሊያገኝ የሚችለው ከመሰሎቹ ጋር አዋጥቶ ነው፤ የሙያ ማኅበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ዘርፉ መደራጀት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የሜፕል ወለል አምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1897 ተመሠረተ፤ የኦክ ወለል አምራቾችም በ1909 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ሁለቱም የፋብሪካዎች ማኅበራት በመሆናቸው ዋና ጉዳያቸው የጣውላው ጥራት በምን ደረጃ ይመደብ የሚለው ነበር። ተንበርክኮ የሚያነጥፈው ባለሙያ ከአምራቹ፣ ከአከፋፋዩና ከነጋዴው ጋር እኩል አባል የሆነበት ብሔራዊ የእንጨት ወለል ማኅበር ግን የተቋቋመው በ1985 ነው። መቀመጫው በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ አጠገብ፣ ቼስተርፊልድ ከተማ ነው። መጽሔት ያሳትማል፣ ዓመታዊ ጉባኤና ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል፣ በአካልም በኢንተርኔትም ያሠለጥናል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን፣ በእኔ እምነት፣ በጽሑፍ የሚያወጣው የአሠራር መመሪያ ነው።

ለምን እንደሆነ የሚገባን አንድ የተለመደ ጠብ ስናይ ነው። ወለሉ በበጋ ይነጠፋል፤ ደንበኛው ተደስቶ ይከፍላል። በየካቲት ግን ስልክ ይደወላል፦ «ወለላችሁ አፉን ከፈተ! በየጣውላው መካከል ሳንቲም ይገባል።» ደንበኛው ተናዷል፤ ገንዘቡ እንዲመለስለት ይፈልጋል። የሆነው ምንድን ነው? እንጨት ከተሰነጠቀና ከደረቀ በኋላም ከአየር እርጥበት መሳብና መልቀቁን አይተውም። ክረምት ገብቶ ማሞቂያው ሌት ተቀን ሲሠራ የቤቱ አየር ይደርቃል፤ እንጨቱም አብሮ ይደርቃል፣ ይጠባል። 12.7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተራ የቀይ ኦክ ጣውላ የእርጥበት መጠኑ ከ10 ወደ 6 ከመቶ ቢወርድ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል። ይህ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ይታያል። እርጥበት ከሥር ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ የጣውላው ጠርዝ ይነሳና መሐሉ ይጎደጉዳል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? መልሱ ያለው በተነጠፈበት ቀን በተለካው ቁጥር ላይ ነው። የማኅበሩ መመሪያ የእንጨት ወለል በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ከመቶ በሆነ የአየር እርጥበት ውስጥ እንዲኖር ይመክራል። ከማንጠፍ በፊት የጣውላው እርጥበት ከሥሩ ካለው ፕላይዉድ ጋር ይነጻጸራል፤ ስፋቱ ከ7.6 ሳንቲ ሜትር በታች ለሆነ ጣውላ ልዩነቱ ከ4 ከመቶ፣ ከዚያ ለሰፋው ደግሞ ከ2 ከመቶ መብለጥ የለበትም። አንድ ቦታ ነካ አድርጎ መተውም አይበቃም። 93 ካሬ ሜትር ገደማ ለሆነ ቤት ከሥሩ ወለል ቢያንስ 20 ቦታ፣ ከጣውላው ደግሞ ቢያንስ 40 ተለክቶ ይመዘገባል። ሠላሳ ዓመት የሠራ አባት እንጨቱን በእጁ ዳስሶ «ደርቋል» ሊል ይችላል፤ የልምዱን ዋጋ ማንም አይክድም። ግን የሰው እጅ 8 ከመቶን ከ12 ከመቶ አይለይም፤ ጠብ ሲነሳም የአባት ቃል ከደንበኛው ቃል ጋር እኩል ነው። ቀን፣ ክፍልና ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ግን ማስረጃ ነው።

ካልተስማሙ ማኅበሩ ፈትኖ የምስክር ወረቀት የሰጠው የወለል መርማሪ ይጠራል። መርማሪው የአንጣፊው ጠበቃ አይደለም፤ ስህተቱ የአባሉ ከሆነ የአባሉ ነው ብሎ ይጽፋል። አባሉ የሚጠቀመውም በዚሁ ነው፤ አድልዎ የሌለበት ሪፖርት በሁለቱም ወገን ይታመናል። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፤ የአምራቹ መመሪያ ከማኅበሩ መመሪያ የተለየ እንደሆነ የሚቀድመው የአምራቹ ነው።

ሌላው ጥቅም ሥልጠናው ነው። ከአባቱ ብቻ የተማረ ልጅ የአባቱን ጥበብም ስህተትም ይወርሳል። ለምሳሌ በኮንክሪት ላይ ሲነጠፍ፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ጉድጓድ ተቦርቡሮ መለኪያ ይገባበታል፤ ከላይ ብቻ በሚደርቅ ኮንክሪት ላይ ጥልቀቱ የውፍረቱ 40 ከመቶ ነው። ደረጃ አውጪው ድርጅት ኤኤስቲኤም ባወጣው ደንብ መሠረት ውጤቱ የሚነበበው ከ72 ሰዓት በኋላ ነበር፤ በ2018 ግን ወደ 24 ሰዓት ወረደ። ለቤተሰብ ድርጅት ሁለት ቀን ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን የመሰለ ለውጥ ቶሎ የሚሰማው ከሙያው ሰዎች ጋር የሚገናኝ ነው። ከደኅንነት አኳያም እንዲሁ፦ ቅባት ያለበት ጨርቅና ከአሮጌ ወለል ተልጎ የወጣ ቫርኒሽ ያለበት ብናኝ በከረጢት ታፍኖ ካደረ ራሱን አሙቆ ሊነድ ይችላል። ከረጢቱን ሳያራግፍ ወደ ቤቱ የሄደ ሠራተኛ የሰው ቤት አቃጥሎ ሊያድር ይችላልና፣ ይህን ትምህርት ለብቻው የአባልነቱን መዋጮ ያህል ዋጋ እሰጠዋለሁ።

በጉባኤና በሥልጠና ላይ የሚገናኙት ከተለያየ ግዛት የመጡ ናቸው። የአንዱ ደንበኛ የሌላው ስላልሆነ ስለ ሥራ በግልጽ ያወራሉ፤ የትኛው ማሽን ቶሎ ይበላሻል፣ የትኛው ቅብ በብርድ አይደርቅም ይባባላሉ። ዋጋ ተስማምቶ መወሰን ግን ክልክል ነው፤ ከ1890 ጀምሮ የጸናው የሸርማን ሕግ ይህን ይቀጣል። ማኅበሩ ወጪን እንዴት ማስላት እንደሚቻል ማስተማር ይችላል፣ «ካሬውን በዚህ ያህል ሽጡ» ማለት አይችልም።

ደንበኞችም አባላትም የሚያምታቱት አንድ ነገር አለ። አባልነት የሚገኘው መዋጮ በመክፈል ነው፤ የሙያ ምስክር ወረቀት የሚገኘው ግን ተፈትኖ በማለፍ ነው። መኪና ላይ የተለጠፈ ዓርማ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አያረጋግጥም። ዓርማውን ለጥፎ መመሪያውን ገልጦ የማያይ አባል መዋጮውን ለማስታወቂያ ብቻ አውጥቷል።

በዋሽንግተን አካባቢ በቤት እድሳት ሥራ ለመሰማራት ለሚያስቡ ወገኖቻችን ደግሞ ይህ ይታወቅ፦ የማኅበር አባልነት የመንግሥት ፈቃድን አይተካም። ሜሪላንድ በቤት ማሻሻያ ኮሚሽኗ፣ ቨርጂንያም በራሷ የሥራ ተቋራጮች ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት በኩል ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃሉ። ቅደም ተከተሉም ፈቃድና ኢንሹራንስ፣ ከዚያ የእርጥበት መለኪያ፣ ከዚያ ማኅበር ቢሆን ይመረጣል። በዘርፉ አባት ወይም አጎት የሌለው ጀማሪ ግን ማኅበሩን ብዙ ባያቆየው መልካም ነው፤ ሌላው ከቤተሰቡ የሚጠይቀውን እሱ የሚጠይቀው እዚያ ነውና።